ካሴቱ የሳቀበት እሁድ

ሰዎች ተሰብስበው ሲስቁ ከሰማሁ ቆም እላለሁ። የማየው የሚስቁትን አይደለም፤ መሐላቸው ሳይስቅ የተቀመጠ ሰው ካለ እሱን ነው የምፈልገው። ባለቤቴ "ደግሞ ጀመረህ" ትለኛለች። የጀመረኝ ግን አሁን አይደለም። ልደታ፣ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ቀን የሆነውን እንደሆነው ልጻፈውና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እኔ ሰይድ እባላለሁ፤ ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከአባቴ ጋር ልብስ የምሰፋ ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከወሎ መጥቶ በአንዲት የስፌት መኪና ቤተሰብ ያስተዳደረ ሰው ነው። ቤታችን ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነበር። ስለ እኔ ከዚህ በላይ የሚወራ ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው። እንተባተባለሁ።

መንተባተብ ደግሞ ደረጃ አለው። የኔ የከፋው ነው። አንዳንዱ ቃል በሰላም ይወጣል፤ አንዳንዱ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አልወጣም ይላል። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አቅቶኝ፣ ሜክሲኮ መውረድ ሲገባኝ ሣር ቤት ድረስ ተወስጄ በእግሬ የተመለስኩበት ቀን አለ። ስለዚህ ዝም ማለት ለመድኩ። ሰፈሩ ጨዋ ልጅ ይለኛል። ጨዋነት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው።

ከቤታችን ከፍ ብሎ የጋሽ ሸምሱ ሱቅ አለ። ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ሥራ ወዳድ፣ ቁጡ፣ ሃይማኖተኛ። ልጃቸው ሐያት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ውስጥ ትቀመጣለች። መልኳን ዘርዝሬ አላደክማችሁም። ስታወራ የምታየው ሚዛኑን እንጂ ሰውየውን አልነበረም፤ እሷም እንደኔ ዓይነ አፋር ነበረች። እኔ በየማታው ሱቁ ሄጄ አንድ ነገር እገዛለሁ። ክብሪት። ለምን ክብሪት አትሉኝም? ቃሉ ከአፌ ሳይደናቀፍ ስለሚወጣ ነው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ሻማ ማለት አልችልም ነበር። "ክብሪት" ግን እንደ ማንኛውም ሰው እላለሁ።

እናቴ መጀመሪያ ዝም አለች። በኋላ ክብሪቱ ከቁም ሳጥኑ ላይ ተርፎ አልጋ ሥር ሲገባ "ሰይዶ፣ ቤቱን ልታቃጥልብኝ ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅኩኝና ወጣሁ።

ሐያትም ትቀልድ ጀመር። "ዛሬም ክብሪት?" ትላለች ሚዛኑን እያየች። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። አንድ ቀን ግን አልቀለደችም። አባቷ ጓዳ ውስጥ ሲሰግዱ ጠብቃ፣ ክብሪቱን እጄ ላይ አድርጋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለችኝ፦

"አባቴ ጋ ሽማግሌ ሊልኩ ነው። የቡታጅራ ነጋዴ ነው አሉ። አላውቀውም።"

ክብሪቱን ጨብጬ ቆምኩ።

"የሚናገር ነገር ያለው ሰው ካለ" አለች ለሚዛኑ፣ "አሁን ቢናገር ጥሩ ነው።"

ለሷ ይህን ማለት ምን ያህል እንደከበዳት አሁን ነው የሚገባኝ። ያን ጊዜ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መናገር አለብኝ፣ መናገር ደግሞ አልችልም።

ይህን ችግሬን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እሱን ላስተዋውቃችሁ። ያን ጊዜ በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ነበር። የኛ ሰፈሩ የጋሽ ደምሴ ነው። ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ ሳሎናቸውን ባዶ አድርገው አግዳሚ ወንበር ደረደሩበት፣ መስኮቱን በካርቶን ደፈኑት፣ ከፊት ቴሌቪዥንና የካሴት ማጫወቻ ዴክ አስቀመጡ። ፊልሙ የውጭ ስለሆነ ከቴሌቪዥኑ ጎን መጠቆሚያ እንጨት ይዞ ቆሞ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው አብሮ አደጌ ብርሃኑ ነበር። ሰፈሩ "አምባሳደር" ይለዋል፤ የማያውቀው ቋንቋ የለም ተብሎ ስለሚታመን። እውነቱን ልንገራችሁና አንድም አያውቅም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ምስሉን እያየ ወሬውን ከራሱ ይፈጥራል። ካራቴ ሲሆን ቀላል ነው፤ "አባቴን የገደልከው አንተ ነህ" ካለ በኋላ የቀረው ዱላ ነው። የህንድም ቢሆን አያስቸግረውም፤ ዘፈኑ ሲመጣ ቁጭ ብሎ ያርፋል። ደግሞ ተዋናዮቹን የሰፈር ሰው አስመስሎ ማናገር ይችልበታል። ሰዉ የሚመጣው ለፊልሙ ብቻ አልነበረም፤ እሱንም ለመስማት ነው።

"ጀለሴ፣ ይቺ ቀላል ናት" አለኝ ነገሩን ስነግረው። "እሁድ የህንድ ፊልም ነው የምናሳየው። ለህንድ ፊልም ሴቶች ይመጣሉ። ሐያትን ጋብዛት። ስትወጡ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። እዚያ ነው የምትነግራት።"

"አ... አፌስ?"

"አፍህን እናለማምደዋለን።"

ቅዳሜ ቪዲዮ ቤቱ ባዶ በነበረበት ሰዓት ተለማመድን። ብርሃኑ የቴሌቪዥኑን መሸፈኛ ጨርቅ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ፣ አግዳሚው ላይ ዓይኑን ሰብሮ ተቀመጠ። ሐያትን መሆኑ ነው። ሳቄ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም፤ "ሥራ ላይ ነን" አለኝ። እኔም ፊቱ ቆሜ ለወራት ለራሴ ብቻ ስለው የኖርኩትን አወጣሁት።

"ሐ... ሐ... ሐያት" አልኩ። "ሱቅ የምመጣው ክብሪት ለመግዛት አይደለም። ቤታችን ክብሪት ሞልቷል። እናቴ ቤቱን ልታቃጥለው ነው ወይ አለችኝ። ሌላ ነገር መጠየቅ ስለማልችል ነው። ክብሪት ስል ብቻ ነው እንደ ሰው የማወራው። አንቺ ፊት እንደ ሰው ማውራት ስለምፈልግ ነው።"

ይህን ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደተያዝኩ አልቆጠርኩም። ብርሃኑ አላቋረጠኝም። ደጋግሜ እንድለው አደረገኝ፣ እሱም ከኔ ጋር አብሮ በከንፈሩ ይል ነበር። ጥሩ ጓደኛ ነው ብዬ አሰብኩ። ስንጨርስ ትከሻዬን መታ አድርጎ "እንዲህ ያለ ነገር በፊልምም አይቼ አላውቅ" አለኝ።

ያን ማታ ሱቅ ሄጄ ሐያትን ጠራኋት። መጥራት ከተባለ፤ "ነ... ነገ የህንድ ፊልም አለ" ነው ያልኩት። ሚዛኑን አየች፣ የጓዳውን በር አየች። "ከአክስቴ ልጅ ከነጂማ ጋር እመጣለሁ" አለች። ቀጥላም፣ "ስንወጣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ዞረን ነው የምንሄደው" አለችኝ። በዚያ በኩል መንገዱ ረጅም ነው። ሁለታችንም እናውቃለን።

እሁድ ደረሰ። አባቴ የሰፋልኝን ግራጫ ሸሚዝ ለበስኩ። ቪዲዮ ቤቱ ሞልቶ አንዳንዱ ቆሟል። ሐያትና ነጂማ ሴቶቹ የሚቀመጡበት በበሩ በኩል ያለው አግዳሚ ላይ ነበሩ። ሐያት ሰማያዊ ሻሽ አስራለች። ስገባ አየችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚዛን መሐላችን ሳይኖር አየችኝ። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ንግግሬን በልቤ እየደገምኩ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ካሴቱን ከተክለ ሃይማኖት ነው የሚከራዩት። ሽፋኑ ላይ የህንድ ሴት ሥዕል አለበት። ዴኩ ውስጥ ከተቱት፣ በሩ ተዘጋ፣ ቤቱ ጨለመ። ቴሌቪዥኑ ሲበራ ግን ህንድ የለም። አንድ የፈረንጅ ሳሎን ነው፤ ሶፋ፣ ደረጃ፣ የአበባ ማስቀመጫ። አንዲት ወፍራም እናት ትገባለች፣ አባት ጋዜጣ ያነባል፣ ጆሮው ትልልቅ የሆነ አንድ ቀጭን ልጅ መስታወት ፊት ቆሞ ለራሱ ያወራል። ልጁ አንድ ነገር ባለ ቁጥር ብዙ ሰው በአንድነት ይስቃል። የሚስቀው ሰው ግን አይታይም።

"ህንዱስ?" አለ አንዱ።

"ማከራያው ካሴት ቀይሮብኝ ነው" አሉ ጋሽ ደምሴ ከበሩ ሆነው። "እስኪ እዩት፤ ይኼም ፊልም ነው።"

ያ ሳቅ እንደገና መጣ። ከፊት የተቀመጡት እትዬ አረጋሽ፣ የሰፈራችን አረቄ ሻጭ፣ ግራ ገብቷቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ተንጠራሩ። "ልጄ አምባሳደር፣ እነዚህ የሚስቁት የት ተቀምጠው ነው?"

ብርሃኑ ለአፍታ አሰበ። "ጎረቤቶቹ ናቸው እትዬ" አላቸው። "በመስኮት እያዩት ነው።"

"ምን አድርጓቸው ነው የሚስቁበት?"

"አንዲት ልጅ ይወዳል፤ ለመናገር ይፈራል። ለሱ ነው የሚስቁበት።"

ይህንን በትክክል ነው የገመተው። ከምስሉ ያስታውቃል። ልጁ መስታወት ፊት ይለማመዳል፣ ፀጉሩን ያበጥራል፣ ተመልሶ ያበላሸዋል። እኔም ከኋላ ሆኜ ፈገግ አልኩ። ደግሞ ተዝናናሁ፤ ፈረንጅም ይፈራል ማለት ነው ብዬ።

ችግሩ ዱላ የለም፣ ዘፈን የለም፣ ፈረስ የለም። ወሬ ብቻ ነው። ብርሃኑ ከራሱ ሲፈጥር ቆየና አለቀበት። እናትየዋን "እራት በሉ" አስባላት፣ አባትየውን "አልራበኝም" አስባለው። ተመልሶ ደግሞ እራት። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ካሴቱ ውስጥ ያሉት ይስቃሉ፣ እኛ አንስቅም፤ ይህ ደግሞ አበሳጫቸው። "እነሱ የሚስቁበትን ለምን አትነግረንም?" አለ አንዱ። "ተርጉም እንጂ።" "ዛሬ እንግሊዝኛው ጠፋበት እንዴ?" "መግቢያችንን መልሱልን።" አንድ ሰው የጫት ገረባ ወረወረበት፤ ደረቱ ላይ አረፈ። ብርሃኑን ከልጅነት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሲፈራ አይቼው የማውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ በር ተንኳኳ። ልጅቷ ገባች። ካፖርት ለብሳለች። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልጁ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ካሴቱ ሳቀ።

ብርሃኑ ወደ ኋላ፣ ወደኔ ተመለከተ። ከቴሌቪዥኑ በሚወጣው ብርሃን ፊቱ በደንብ ይታየኛል። ለአፍታ ብቻ ነው። ከዚያ ዞረና እንጨቱን ወደ ልጁ ቀስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ ጀመረ።

"ሐ... ሐ... ሐ..."

አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ካሴቱም ሳቀ።

"ሱ... ሱቅ የምመጣው ክብሪት ለመግዛት አይደለም" አለ ብርሃኑ። "ቤታችን ክብሪት ሞልቷል።"

ካሴቱ ሳቀ። ሰዉም አብሮ ሳቀ፤ መጀመሪያ በፈረንጁ ልጅ ነው የሳቀው። እውነት ለመናገር ብርሃኑ አሳምሮ ነው የሠራው። የልጁ ከንፈር ሲንቀሳቀስ እሱ ይናገራል፣ ልጁ ሲደነግጥ እሱ ይያዛል። የኔን መያዝ ሳይቀር ወሰደው፤ በየትኛው ቃል ላይ እንደምወድቅ፣ ዓይኔን እንዴት እንደምጨፍን። ቅዳሜ ዕለት አብሮኝ በከንፈሩ ሲል የነበረው ለዚህ ሆነ።

"እ... እናቴ ቤቱን ልታቃጥለው ነው ወይ አለችኝ።"

"ክብሪት?" አለ ከመሐል አንድ ድምፅ። "የሰይዶ ክብሪት እንዳይሆን?"

ራሶች መዞር ጀመሩ። በየማታው ክብሪት ይዤ ስወርድ ሰፈሩ ያየኛል። ከፊት እስከ ኋላ እያንዳንዱ ፊት ወደኔ ዞረ፣ ከዚያ ተራ በተራ ወደ በሩ አግዳሚ። "ሐ ብሎ የጀመረው እኮ ሐያትን ነው" አለ ሌላው። ከዚያ በኋላ ሳቁ ሌላ ሳቅ ሆነ። እትዬ አረጋሽ እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጉ ነበር። እኒያ ሴትዮ ሕፃን ሆኜ አዝለውኝ ያውቃሉ።

ብርሃኑ ማቆም ይችል ነበር። ሰዉ ስሟን ከጠራ በኋላ "ኧረ ሌላ ነው" ቢል ይበቃ ነበር። ግን ሳቁ ጣፈጠው። "ክብሪት ስል ብቻ ነው እንደ ሰው የማወራው" አለ። ካሴቱ እዚህ ላይ ረጅም ሳቅ ሳቀ፤ ጭብጨባም ነበረበት።

ከዚያ የልጅቷ ተራ ደረሰ። አናምንህም ትሉ ይሆናል፣ በዚያ ሁሉ መሐል እኔ መልሷን ጠበቅሁ። ሁሉም ጠበቀ። ሐያትም ቴሌቪዥኑን ነው የምታየው። ብርሃኑ እኔን የወደደችኝ አድርጎ ቢያናግራት ከዚያ ሲኦል የምወጣበት ቀዳዳ ይኖር ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ልጅቷ ጥቂት ቃል ተናገረች። ብርሃኑ ድምፁን የሴት አደረገ።

"መጀመሪያ ምላስህን አስፈታና ከዚያ ሴት ጠይቅ" አለ።

ቤቱ ተናጋ። ምስሉን ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ልጅቷ እያሾፈች አልነበረም። እጇን እጁ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ታየው ነበር።

ሐያት ተነሳች። ነጂማ ቀሚሷን ይዛ "ተይ" አለቻት። አልተወችም። በሩ አጠገቧ ነው፤ መውጣት ትችል ነበር። እሷ ግን በአግዳሚዎቹ መሐል አልፋ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመችና ወደኔ ዞረች። ብርሃኑ እንጨቱን እንደቀሰረ ቀረ። ያቺ ሚዛኑን ካላየች ማውራት የማትችል ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አየችኝ።

"ለዚህ ነው የጠራኸኝ?" አለች።

ጥያቄው ገባኝ። የጠራኋት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ነው የሚናገረው። የሚናገረውም የኔን ነው። ፈርቼ በሰው አፍ ያስነገርኩ፣ ወይም ደግሞ ለሰፈሩ መሳቂያ ያደረግኋት መሰላት። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እንድነግራት ነው የቆመችው። "አላወቅሁም" ብል ይበቃ ነበር። አንድ ቃል።

አፌን ከፈትኩ። "አ" አልኩ። "አ... አ..."

ሐያት ጠበቀች። ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ ጠበቀች። ሰዉ ሲስቅ፣ አንዱ ከኋላ "አ ብለህ ጀምር፣ ፊደል ቆጥረሃል" ሲል፣ እሷ ዓይኗን ከኔ ሳታነሳ ጠበቀች። ራሷን ትንሽ ወደፊት አድርጋ ነበር፤ ቃሉን ከአፌ ልትቀበል እንደተዘጋጀች። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ ቆሟል። ከጀርባዋ ካሴቱ ደግሞ ሳቀ፤ እኔ የማላየው ሌላ ነገር አስቆት። ከዚያ በኋላ "አ" ራሷ አልወጣ አለች።

ሐያት ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። በመጣችበት አልፋ ነጂማን ይዛ ወጣች። በሩ ሲከፈት የቀን ብርሃን ገባና ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ።

ብርሃኑን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። አንገቱን ልይዘው ነበር የሄድኩት። እሱ ግን ቀድሞ ጀመረ።

"ስምህን ጠራሁ? አልጠራሁም። ሰፈሩ ውስጥ ክብሪት የምትገዛው አንተ ብቻ ነህ?"

"ለ... ለምን?"

"ሊደበድቡኝ እኮ ነበር ጀለሴ። ቃል አለቀብኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ ያንተ ነው፤ ሌላ የማውቀው የፍቅር ወሬ የለኝ።" ከዚያ ፊቱ በራ። "ደግሞ አየህ ሰዉ እንዴት እንደሳቀ? ከጀመርኩ ጀምሮ እንደዚያ ተስቆልኝ አያውቅም።"

አልመታሁትም። ስድብ እንኳ አልወጣልኝም። ተመልሼ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላናገርኩትም።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በሚቀጥለው እሁድ ሰዉ ጋሽ ደምሴን "የክብሪቱን ፊልም" ይክፈቱልን አላቸው። ከፈቱላቸው። ከተክለ ሃይማኖት ሳይቀር ሊያዩ የመጡ ነበሩ። የሰፈር ልጆች ደግሞ ባዶ ክብሪት ውስጥ ጠጠር ከተው፣ ሐያት ስታልፍ ያንቀጫቅጩት ጀመር። ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ስትመለስ፣ ቁርዓን ቤት በር ላይ። ስሟን የሚጠራ የለም፤ ክብሪቱን ብቻ ያንቀጫቅጫሉ። ትልልቆቹ አይቆጧቸውም፤ ፈገግ ብለው ያልፋሉ። ጋሽ ሸምሱ አንድ ቀን ሱቁን ዘግተው ልጆቹን በከዘራ አባረሩ። ልጆቹ ይህን የበለጠ ወደዱት። የቡታጅራው ሰውዬ ሽማግሌዎች ሲመጡ ጋሽ ሸምሱ አንድ ጊዜ እንኳ አልመለሷቸውም፤ ወዲያው ፈቀዱ። የምትፈልገውንም የጠየቃት የለም።

ከመሄዷ በፊት አንድ ማታ ሱቁ ሄድኩ። ቃሉን ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ ስለማመደው ነው የዋልኩት። "አላወቅሁም።" ከሌላ ቃል በኋላ አስከትዬ ብለው እንደሚወጣልኝ አግኝቼ ነበር፤ "ወላሂ አላወቅሁም" ብል ይወጣል። ብቻዋን ነበረች። አባቷ መስጊድ ሄደዋል። ባንኮኒው ጋ ደረስኩ፣ አፌን ከፈትኩ።

ሐያት ከመናገሬ በፊት እጇን ወደ መደርደሪያው ሰደደች። አንድ ክብሪት አንስታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ሚዛኑን እያየች ነው።

"ሌላ የምትፈልገው አለ?" አለች።

"የለም" አልኩ።

አንድም ሳልያዝ ነው ያልኩት። ጥርት ብሎ፣ እንደ ማንኛውም ሰው። ክብሪቱን አንስቼ ወረድኩ። እሷ ከሄደች በኋላ ያ ሁሉ አልጋ ሥር የነበረ ክብሪት ለረጅም ጊዜ አገለገለን። እናቴ ምድጃ ለማንደድ በጫረች ቁጥር ጀርባዋን ትሰጠኝ ነበር።

ያን ክረምት እንግሊዝኛ መማር ጀመርኩ። አባቴ ለሥራ መሰለው። እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ማወቅ ነው፤ ያቺ የፊልሟ ልጅ እጇን እጁ ላይ አድርጋ ምን እንዳለችው። ካሴቱ ግን ለማከራያው ተመልሶ ጠፋ። ትምህርቱን አላቆምኩም። በዚያው ሌላ ነገር አገኘሁ፤ የሌላ ሰው ቃል ስናገር አልንተባተብም። ዛሬ ልደታ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። የውጭ ሰው ያለበት ክርክር ሲኖር በሁለቱ መሐል ቆሜ እናገራለሁ። ከሰው ቃል ላይ አንዲት ፊደል ጨምሬ አላውቅም። ችሎቱ ውስጥ አንደበተ ርቱዕ ይሉኛል። ቤቴ ስገባ እንደገና አፌ ይያዛል።

ብርሃኑ ደግሞ የሰርግ መድረክ መሪ ሆኗል፤ የታወቀ፣ የሚወደድ። ስለ ክብሪቱ በየሰርጉ ይቀልዳል አሉ። ሙሽሮቹ በጣም ይስቁለታል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሜክሲኮ አንድ ካፌ ውስጥ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ግድግዳው ላይ ዲሽ ተከፍቷል፤ የሚያየው የለም። ያ ሳቅ መጣ። ቀና አልኩ። ሳሎኑ፣ ደረጃው፣ ጆሮው ትልልቅ የሆነው ልጅ። አስተናጋጇን ድምፁን እንድትጨምርልኝ ለመንኳት። ልጅቷ ገባች፣ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ ልጁ አፉን ከፍቶ ዘጋ። እጇን እጁ ላይ አደረገች። አሁን ቋንቋው ይገባኛል።

"ቀስ በል" ነበር ያለችው። "የትም አልሄድም፤ እስክትናገር እጠብቅሃለሁ።"

ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ።

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው ብያለሁ። ካሴቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች የሳቁት በኔ አይደለም፤ ስለ ልደታ ሰምተውም አያውቁም። በኔ የሳቁት ጎረቤቶቼ ናቸው። በነሱ ላይ የምለው የለኝም፤ አሁንም ሳገኛቸው ሰላም እላቸዋለሁ። ለእናንተ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። አፉ የተያዘበት ሰው ፊት አንድ ቀን ብትቆሙ፣ ቃሉን አትጨርሱለት፣ ፊታችሁንም አታዙሩ። ሐያት በዚያ ሁሉ ሳቅ መሐል የጠበቀችኝን ያህል ጠብቁት። ከዚያ ደግሞ ትንሽ ጨምሩለት፤ እኔ የጎደለችኝ ያቺ ትንሽ ጊዜ ነበረች።